ለአባቴ ድቤ የዘረጋሁት ገመድ

ከሚሴ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ በሠራሁባቸው ዓመታት ውፈር እንደሚሉት ስፒከር ያማረረኝ ነገር የለም። ጎረምሳው ሁሉ ከዓረብ አገር በዘመድ የተላከለትን ትልቅ ስፒከር ታቅፎ ይመጣና "ይቺን ግጠምልኝ፤ ሐርቡ ድረስ እንድትሰማ አድርገህ" ይለኛል። መኪናው ግን ከባለቤቱ ዕድሜ ይበልጣል። ገመዱ ተላልጦ በፕላስተር ነው የቆመው፤ ባትሪው ከመድከሙ የተነሳ ጠዋት ጠዋት በግፊ ነው የሚነሳው፤ የተቃጠለው ፊውዝ በሲጋራ ብርማ ወረቀት ተጠቅልሎ ተሰክቷል። በዚህ ላይ ቤት የሚያነቃንቅ ድምፅ ጫንበት ነው የሚለኝ። "ወንድሜ፣ ድምፅ እኮ የሚወጣው ከስፒከር አይደለም፣ ከባትሪ ነው" እላለሁ። ማን ሰምቶኝ። ገጥሜለት በሄደ በሳምንቱ መኪናውን አስገፍቶ ይመለሳል፣ ጥፋቱም የኔ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ቀን አባቴ ራሱ ሱቄ በር ላይ ቆሞ "እሱን ነገር ለኔም አስገባልኝ" ሲለኝ የሚቀልድብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። ጺሙ የነጣ፣ ከመስጊድ ወጥቶ ወደ መስጊድ የሚገባ ሰው ነው። አብሮኝ አልሳቀም። ዓይኑን አፌ ላይ ተክሎ መልሴን ጠበቀ። ለምን እንደጠየቀኝ ለመናገር ግን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ።

አባቴን ሰው የሚያውቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በአሮጌ ፒክአፑና በድቤው። በፒክአፑ ከጨፋ ማሽላና ጤፍ እየጫነ ሰንበቴ ገበያ ያደርሳል፤ ሲመለስ ፍየልም ሰውም ያመጣል። እንጀራችን ከዚያች መኪና ነበር። ድቤው ግን ሥራው አልነበረም፤ ለሱ ከሥራ በላይ ነበር። በኛ በኩል ሰው ሲታመም፣ ዝናብ ሲዘገይ፣ ስለት ሲደርስ ወዳጃ ይደረጋል፤ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ ያደርጋል፣ አላህን በማውሳት፣ በዚክር፣ መንዙማም ይባላል። መንዙማውን አንዱ ያወጣል፣ ቤቱ ይቀበላል፣ ሁሉንም ደግሞ ድቤው ይሰበስባቸዋል። መውሊድ ሲሆን ነገሩ ይበልጣል፤ ዳስ ይጣላል፣ ከጨፋ ሸለቆ ከዚህም ከዚያም ሰው ይመጣል።

መንዙማ የሚያወጡት የአባቴ የልጅነት ጓደኛ ናቸው። አብረው ከብት የጠበቁ፣ አብረው ቁርዓን የቀሩ ናቸው። እኚህ ሰው አንድ ጠባይ አላቸው፤ የስንኙ መጨረሻ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን እንደ ልባቸው ይስባሉ። ዛሬ የሳቡበት ቦታ ላይ ነገ አይስቡም። ዳስ ሙሉ ሰው እጁን ለጭብጨባ አንስቶ ይጠብቃቸዋል። ድምፁ የት እንደሚያርፍ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባቴ ዓይኑን ከጓደኛው ጉሮሮ ላይ ሳይነቅል፣ እጁን ከድቤው በላይ አንሳፍፎ ይቆይና፣ ድምፁ ሲያርፍ አብሮ ያሳርፋታል። ልጅ ሆኜ ቀድመው የሚማከሩ ይመስለኝ ስለነበር አንዴ ጠየቅሁት።

"አይነግረኝም" አለኝ። "እኔም አልጠይቀውም። እከተለዋለሁ እንጂ።"

ነገሩ የጀመረው በቴፕ ነው። ፒክአፑ ጋቢና ውስጥ ካሴት ማጫወቻ አለ፤ አባቴ ደግሞ ያለው ካሴት አንድ ነው። ከዓመታት በፊት በአንድ መውሊድ ላይ የተቀዳ የራሳቸው መንዙማ ነው፤ ጓደኛው ሲያወጡ፣ እሱ ድቤ ሲመታ። ሰንበቴ ሲሄድ እሱን፣ ሲመለስም እሱን። አንድ ክረምት ላይ "ቴፑ ደክሟል" ይለኝ ጀመር። ፈትቼ የቴፑን ጭንቅላት በስፒሪት አጠብኩት። "አሁንም ደክሟል" አለኝ። ስፒከሮቹን ቀየርኩ። "ትንሽ ተሻለ" አለ፤ እኔን ደስ እንዲለኝ ያህል ነው። ድምፁን ግን ጥግ ድረስ አዙሮ ነበር የሚሄደው። አብረውት የሚሳፈሩ ነጋዴዎች ጆሯቸውን ይዘው ይወርዳሉ። "ሰውዬው መንዙማውን ሰንበቴ ሳይደርስ ቆላ ላሉት አፋሮች ለማሰማት ነው" እያሉ ያሙታል።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰው ስለራሱ የሚወራውን የሚሰማው ከሁሉም በኋላ ነው። የአባቴ ነገር ደግሞ ከዚያም የባሰ ሆነ፤ ሰንበቴ ያውቅ ነበር፣ መናኸሪያው ያውቅ ነበር፣ እኛ ቤት ግን ቴፑ ነበር የደከመው።

ያወቅሁት አንድ ጠዋት ነው። ግቢያችን ውስጥ የፒክአፑን ሁለቱንም በሮች ፈትቼ የስፒከሮቹን ገመድ ነቅያለሁ፤ እንደገና ልዘረጋው ነው። አባቴ ከቤት ወጣ፣ ሰላም አለኝ፣ ገባና ሞተር አስነሳ፤ ጠዋት ጠዋት ሳያሞቃት አይሄድም። ካሴቱን ገፋ አደረገ። "ቆይ፣ ነቅዬዋለሁ" ልለው ቀና አልኩ። ዓይኑን ጨፍኗል። በጣቶቹ መሪውን ይመታል። ካሴቱ ይዞራል፣ ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ሌላ በጋቢናው ውስጥ ምንም ድምፅ የለም። እጁን አነሳና አንሳፍፎ ያዘው፤ ጠበቀ፤ ጓደኛው በዚያ ካሴት ላይ የሚስቡበት ቦታ መሆኑ ነው። ከዚያ አወረደው። ዓይኑን ሲገልጥ አየኝና ፈገግ አለ።

"አሁን ገና ልክ ሆነ" አለኝ። "አላህ ይስጥህ፣ ልጄ።"

የተነቀለው ገመድ ጫፍ እጄ ላይ ነበር። አጎንብሼ መሥራት ቀጠልኩ፤ ቀና ብል ፊቴን ያየዋል።

ለእናቴ ስነግራት ማሽላ ማበጠሯን አላቆመችም። "አሁን አሁን ከጀርባው ጠርቼው አላውቅም" አለችኝ። "ዞሬ ፊት ለፊቱ ነው የምቆመው። ሌሊት የሚነግረኝን እሰማዋለሁ፤ እኔ የምለውን ግን ለጨለማው ነው የምለው።"

ደሴ ወሰድኩት። ሐኪሙ ብዙ መረመረውና ነርቩ እንደሆነ፣ የሚመለስ እንዳልሆነ ነገረን። አባቴ የሐኪሙን አፍ ሲያይ ቆይቶ ወደኔ ዞረ። "ማል ጄዴ? ምን አለ?" አለኝ። ጆሮው ሥር ተጠግቼ፣ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ ጮሄ ነገርኩት። እንዲህ ያለ ነገር ተጮሆ አይነገርም። እሱ ግን ጋራዥ ውስጥ እንደቆመ ሰው ነው የተቀበለው። "ዕቃው አይገኝም ማለት ነዋ" አለ። ቀጥሎ "አልሐምዱሊላህ፣ ዓይን አለ" አለ። ጆሮ ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ ሰጥተውት ነበር፤ ከማፏጨት በቀር አልረባችውም። ልንመለስ መኪናው ጋ ስንደርስ ወደ ሹፌሩ በር አልሄደም። ሳልጠይቀው ቁልፉን ሰጠኝና በሌላኛው በር ገባ። ከዚያ ወዲህ መሪ አልያዘም።

መኪናውን መተው አልከበደውም፤ ወይም ከበደኝ አላለም። የከበደው ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ በተደረገ አንድ ወዳጃ ላይ እጁ ቀድሞ ወደቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ሰውም እንዳላየ አለፈው። እሱ ግን አይቷል። ቀስ ብሎ ድቤውን ተው የሚለው ማንም እንደሌለ ያውቃል፤ በኛ አገር ትልቅ ሰው ከያዘው ድቤ ላይ እጅ አይነሳም። እሱ ራሱ ካላስቀመጠው የሚያስቀምጠው የለም። ቀጥሎ የሚመጣው መውሊድ ነበር። እስከዚያ ድረስ ወይ መንገድ ያገኛል፣ ወይ ከወጣትነቱ ጀምሮ ከተቀመጠበት ቦታ ይነሳል።

መንገዱን ያገኘው ሱቄ በር ላይ ነው። የሠርግ ሰሞን ነበር፤ ሙሽራ የያዙ መኪኖች አስፋልቱ ዳር ተደርድረው ቆመዋል፤ የመጨረሻው ውስጥ እኔው የገጠምኩት ውፈር ኋላው ተከፍቶ ይደበልቀዋል። ልጆቹ ዙሪያውን ይጨፍራሉ። አባቴ በዚያ ሲያልፍ ቆመ። ወደ መኪናው ተጠጋና መዳፉን ከጎማው በላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ አሳረፈ። ልጆቹ "አባባም ዘፈን ወደዱ" ብለው ሳቁ። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆሞ፣ ከዚያ ሌላኛውን መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደኔ መጣ።

"እዚህ ገባ" አለኝ ደረቱን እየነካ። "ድቤ ነው?"

"ድቤ አይደለም አባ፣ የሠርግ ዘፈን ነው።"

"ይሁና። ይመታል።" ከዚያ ነው "እሱን ነገር ለኔም አስገባልኝ" ያለው። እንዳልገባኝ ሲያይ እጁን ዘርግቶ አሳየኝ። "እጄ አልረሳም፣ ጆሮዬ ነው የጠፋው። በጆሮ የሚገባው ከቀረ በደረት ይግባ። ከመውሊድ በፊት እጄን ካለማመድኩት ይደርሳል።"

ለደንበኛ ሠርቼ የማላውቀውን ሥራ ለዚያች ፒክአፕ ሠራሁ። መጀመሪያ አምፕሊፋየሩንና ውፈሩን ከወንበሩ ጀርባ አስገብቼ ባለው ገመድ ሞከርኩት። ድቤው በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ድርግም ይላል። ጎረቤቶቻችን አጥር ላይ ተደግፈው "መኪናው ራሱ ዚክር ጀምሯል" እያሉ ተሳለቁብኝ። ዘፈን ለመኪና ይቀልለዋል፤ እየፈሰሰ ስለሚሄድ ጉልበቱን ቀስ እያለ ነው የሚወስደው። ድቤ ግን ዝም ይልና በአንዴ ይጎትታል፤ ባትሪው ሳይደርስለት መብራቱ ይወድቃል፣ ምቱም ይሟሽሻል። አባቴ ደግሞ የሚፈልገው ምቱን ነው። የሟሸሸ ምት ለሱ እንደሌለ ነው።

ስለዚህ ከሥር ጀመርኩ። ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ የድሮ ነው፣ ከመብራትና ከጥሩምባ በላይ አቅም የለውም። ኮምቦልቻ ሄጄ ከተገለበጠ አምቡላንስ የወጣ ትልቅ ዲናሞ አገኘሁ። በቦታው አልቀመጥ አለ፤ ሱቄ አጠገብ ያለው በያጅ ጋ ወስጄ መቀመጫውን አስቆረጥኩ፣ አስበየድኩ፣ ዲናሞውን የሚያዞር ረዘም ያለ ቺንጊያ ፈለግሁ። ገመድ ሲቸግረኝ ያው በያጅ የብየዳ ማሽኑን አሮጌ ገመድ ቆርጦ ሰጠኝ፤ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ሙሉ መዳብ። እሱን ከባትሪው አንስቼ በምንጣፉ ሥር እስከ ወንበሩ ጀርባ ዘረጋሁት። ሁለተኛ ባትሪ ወንበሩ ሥር አሰርኩ። ባትሪው አፍንጫ ላይ ደህና ፊውዝ አስገባሁ፣ የሲጋራ ወረቀት የሌለበት። ኔጌቲቩን ሰው ሁሉ ያገኘው ብሎን ላይ ነው የሚያስረው፤ እኔ ሻሲውን ቀለሙ እስኪለቅ ፍቄ፣ ነጭ ብረት ላይ አሰርኩት። መብራቱን፣ መጥረጊያውን፣ ጥሩምባውን በአንዴ ከፍቼ ድቤውን ለቀቅሁበትና ቴስተሩን ያዝኩ። ቮልቱ አልወረደም።

እናቴ ይህን ሁሉ በረንዳ ላይ ሆና ስታይ ከርማለች። "ጎረምሳ እያለ ያላበደውን አሁን ሊያብድልኝ ነው?" አለች። ግን እሷ ናት አባቴን ከእርሻ ሄዳ ያመጣችው።

ገባ፣ በሩን ዘጋ፣ መስታወቱን ወደ ላይ ከፍ አደረገ። ካሴቱን እኔ ገፋሁ። የመጀመሪያው ምት ሲወርድ ሰውነቱ ተንቀሳቀሰ። ሁለተኛው ላይ እጁን ወንበሩ ላይ አሳረፈ። ሦስተኛው ሲመጣ ያውቀው ነበር፤ ጭኑን መታ፣ ልክ ላይ። "አገኘሁት" አለ፤ "ያ ኢልመ ኮ፣ ልጄ፣ አገኘሁት።" እንባው ጺሙ ውስጥ ሲገባ አልጠረገውም። በዚህ ሙያ ብዙ ሰው አመስግኖኛል፣ የሰደበኝ ደግሞ ይበዛል፤ እንደዚያ ቀን ግን ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ከዐስር ሰላት መልስ ፒክአፗ ዋንዛው ጥላ ሥር ትቆማለች፣ አባቴ ድቤውን ጭኑ ላይ አድርጎ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል። ከውጭ ለሚያየው ያስቃል፤ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡ አንድ ሽማግሌ ድቤ ይመታል። እኔ ግን ቆሜ እሰማው ነበር። አንድም አይሳሳትም። ጓደኛው በካሴቱ ላይ ድምፃቸውን ሲስቡ እጁ ተንሳፍፎ ይጠብቃል፣ ሲያሳርፉ ያሳርፋል። ቀን በቀን ወገቡ ቀና ይል ጀመር። ምግብ ላይ ይቀልዳል፤ እናቴን "ዝም በይ፣ ይሰማኛል" እያለ ያስቃታል። መውሊድን እንደ ሠርጉ ቀን ነበር የሚጠብቀው።

መውሊዱ የሆነው በጓደኛው ግቢ፣ ጨፋ መውረጃው ላይ ነው። ፒክአፗን አጥሩ ሥር አቁሜ ገባን። ዳሱ ሞልቷል። አባቴ ከጓደኛው ፊት ለፊት፣ ከድሮ ቦታው ተቀመጠ። የድቤው ቆዳ እንዲወጠር እሳት ዳር ሲሞቅ ቆይቶ ነበርና መዳፉን አንዴ አሳርፎ ሞከረው፤ ደረቱን ነካ አድርጎ ወደኔ አየና ራሱን ነቀነቀ። ምቱ ገብቶለታል ማለት ነው።

የመጀመሪያው መንዙማ ደህና ሄደ። ሁለተኛው ላይ አውጪው እንደ ልማዳቸው ድምፃቸውን ሳቡ። የአባቴ እጅ ግን ወረደ። የወረደችው ካሴቱ ላይ በምትወርድበት ቦታ ነው። በዚያን ቅጽበት ገባኝ። ውፈር የሚያወጣው ወፍራሙን ድምፅ ብቻ ነው፤ የጓደኛው ድምፅ ከላይ በቀጭኑ ነበር የሚሄደው፣ ለአባቴ ደረት አልደረሰም። ያን ሁሉ ሰሞን ጋቢናው ውስጥ ሲከተል የነበረው የገዛ እጁን ነው፤ ከዓመታት በፊት የሚሰማ ጆሮ የነበረው እጁን። የድሮው አባቴ ጓደኛውን ይከተላል፣ የዛሬው ደግሞ የድሮውን ይከተላል። እዚህ ዳስ ውስጥ ግን የድሮው የለም፤ ያሉት ጓደኛው ብቻ ናቸው፣ የሳቸው ድምፅ ደግሞ ለአባቴ አይሰማም።

ድቤው ሲወርድ ዳሱ ለአፍታ ተወላገደ። ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ እጁን እንዳነሳ ቀረ። ከዚያ አውጪው የሳቡትን ድምፅ መሀል ላይ ቆርጠው ድቤው ካረፈበት አሳረፉት። የሚቀጥለውንም እንዲሁ። ዳሱ ወዲያው ተረዳ። ማንም ማንንም አላየም፣ ማንም በክርኑ አልጎነተለም፤ ጎረምሶቹ እንኳ አልሳቁም። ጭብጨባው ከአባቴ እጅ ጋር ሆነ። እሱ ሲዘገይ ይዘገያሉ፣ እሱ ሲቸኩል ይቸኩላሉ። ከመጋረጃው ወዲያ ያሉት እናቶች፣ ዱበርቲዎቹ፣ እልልታቸውን ይዘው የሱን ምት ጠበቁ። ለማንም ታዘው የማያውቁት ሰው፣ ዳስ ሙሉ ሕዝብ በአንድ ትንፋሽ ሲያስጠብቁ የኖሩት ሰው፣ እንደ ቁርዓን ተማሪ ሕፃን መንዙማውን ቀጥ አድርገው ሲሉት ሰማኋቸው። ደግነት እንዲህ ሲያስለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው።

አባቴ ደስ ብሎት ነበር። ፊቱ በርቷል። ዓይኑ እንደ ሁልጊዜው ከጓደኛው ጉሮሮ ላይ ነው። ከዚያ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀና አለና የጓደኛውን ዓይን ፈለገ። የጓደኛው ዓይን ድቤው ላይ ነበር። የአባቴን እጅ እያዩ፣ እስኪወርድ እየጠበቁ ነበር የሚያወጡት። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ነው ሲያያቸው የኖረው፤ እንደዚያ ማየት ምን ማለት እንደሆነ ከሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ዳሱን ዞሮ አየ። ሁሉም እጁን ነው የሚያየው።

አላቋረጠም። ስንኙን እስከ መጨረሻው መታው፣ ድቤውን በጎኑ አስተኛው፣ ውሃ ጠየቀ። ዱዓው ሲያልቅ ሰው እየመጣ "ማሻአላህ፣ እጅህ አላረጀም" እያለ ጆሮው ሥር ይጮህለታል። ለእያንዳንዱ "አላህ ይስጥልኝ" ይላል። ጓደኛው አቅፈውት ቆዩ። እሱም አቀፋቸው፣ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ፤ እሳቸውን የሚያጽናና ነበር የሚመስለው።

ወደ ቤት ስንነዳ እጄ በልማድ ካሴቱን ልትገፋ ስትል አንጓዬን ያዘኝ። "ዲሲ፣ ተወው" አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ የፒክአፗን በሮች ከፍቶ ቆሞ አገኘሁት።

"ያንን ነገር አውጣው" አለኝ።

ፊት ለፊቱ ቆሜ፣ አፌን እንዲያይ ቀስ እያልኩ፣ ምን እንደተበላሸ ጠየቅሁት።

"እሱ አልተበላሸም። ደህና አድርገህ ነው የሠራኸው።" የበሩን ጠርዝ በመዳፉ ዳበሰ። "ዚክሩ ለአላህ ነው። ትናንት ለኔ ሆነ።"

"ስለሚወዱህ ነው፣ አባ።"

"አውቃለሁ" አለ። "ባይወዱኝ ይሻል ነበር። ተው ይሉኝ ነበር።"

ልከራከረው ፈልጌ ነበር። ቀጭኑንም ድምፅ የሚያደርስ ነገር እፈልጋለሁ፣ ማይክራፎን አደርጋለሁ፣ ሌላ ስፒከር እጨምራለሁ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቱን ሳየው ግን ዋጥኩት። ፒንሳዬን አመጣሁና ጀመርኩ። ስገጥም የወሰደብኝን ያህል ስፈታ አልወሰደብኝም። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየኝ። ስጨርስ ድቤውን ከቤት አውጥቶ ለጓደኛው እንዳደርስ ሰጠኝ፤ የሚመታ ሰው እንዲፈልጉ ንገራቸው አለኝ። ልወጣ ስል መልሶ ጠራኝ።

"ሌላም ለምንልኝ" አለ። "ከእንግዲህ መጥቼ ስቀመጥ እንዳይጠብቁኝ። ማንም እንዳይጠብቀኝ።"

አደረስኩ። ጓደኛው ድቤውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ቆሙ። መልእክቱን ስነግራቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ተናድጄባቸው ነበር የሄድኩት፣ ለምን ቀና ብለው አላዩትም፣ ለምን ዓይናቸውን አልደበቁም ብዬ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ንዴቴ የት እንደገባ አላውቅም። "እሺ በለው" አሉኝ በመጨረሻ። "ከባድ ነው የለመነኝ፣ ግን እሺ በለው።"

የሚቀጥለው ወዳጃ የተደረገው ዝናብ ዘግይቶ ማሽላው ሲጠወልግ ነው። አባቴ በር አጠገብ፣ ከተቀባዮቹ ጋር ተቀመጠ፤ እኔ ከጎኑ። ድቤውን አንድ ጎልማሳ ያዘ። አውጪው ድምፃቸውን ሳቡት፣ ድሮ ከማውቀውም አርቀው፣ ቤቱም እጁን አንስቶ ጠበቃቸው። አባቴ ምንም አልሰማም፤ ሰው ሲያጨበጭብ ሲያይ ያጨበጭባል። ከዚያ ዱዓውን ያው ጓደኛው ያዙ። አንድ ቃል ይላሉ፣ ቤቱ በአንድ አፍ አሚን ይላል። አባቴ የሰዉን ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቶ ነው የሚያውቀው። የሱ አሚን ሁሉም ካለቀ በኋላ ለብቻው ወጣ፣ ራሱን ስለማይሰማ ከልክ በላይ ጮክ ብሎ። ማንም ዞሮ አላየውም። ጓደኛው ትንፋሽ እንኳ ሳይወስዱ ወደሚቀጥለው ዱዓ አለፉ፤ የአባቴ አሚን ገና አልጨረሰም ነበር። በሚቀጥለውም እንደዚሁ፣ ከዚያ በኋላም እንደዚሁ። እንደለመናቸው አደረጉለት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ አሚን ማለት አቃተኝ።